የወንፈል ብድር፤ «ሥራ፣ ግጥምና ንግግር ይፈውሳሉ» ለሚለው አስተያየት የቀረበ ምላሽ

ሥራ የተሰበረ ልብ ይጠግናል፤ ግጥም የታመቀውን ያስተነፍሳል፤ አነቃቂ ንግግር የወደቀውን ያነሣል። ይህ አስተያየት በከተሞቻችን ተከራካሪ ካጣ ቆይቷል። «የተቆለፈበት ቁልፍ»ን የጻፉት ዶክተር ምሕረት ደበበ እንኳ በሙያቸው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው፤ ዛሬ ግን ነጋዴውም ሰባኪውም ስፖርተኛውም ማይክሮፎን ከጨበጠ ያነቃል። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል በየወሩ ሲካሄድ የቆየው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ግጥሙን፣ ሙዚቃውንና ዲስኩሩን ከአንድ መድረክ አውጥቶ ለዓመታት አዳራሽ ሞልቷል። ከባሕር ማዶም ድጋፍ አይጠፋም። ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በ1946 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለምን እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው መከራን የሚሸከምበት አቅም ያገኛል ብሏል፤ ወደዚያ ከሚያደርሱት መንገዶችም አንዱ ሥራ ነው።

እኔ መድኃኒቱ የለም ብዬ አልከራከርም። የተቀመጠበት ቦታ ተሳስቷል ነው የምለው። አስተያየቱ መድኃኒቱን ከነገሩ ውስጥ ያኖረዋል፤ ከሥራው ድካም፣ ከግጥሙ ስንኝ፣ ከተናጋሪው አንደበት። ሰሚው ብቻውን ወስዶ ብቻውን ይድናል። ከሐሙሲት ዙሪያ፣ ከደራና ከፎገራ የጣና ዳርቻ ሆኖ ለሚያይ ግን እነዚህ ሦስቱ ሰውን የሚያቆሙት ብድር ሲኖርባቸው ነው፤ ቀን ተሰጥቶ ቀን ሲመለስ፣ ስንኝ ሲወርድ የሚቀበለው ሲኖር፣ ቃሉን የሰማውም ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ሲገደድ።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደራ ወረዳ የገበያ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ሲሄዱ የጉማራ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ የፎገራ ሜዳ አለ። በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው የገባው ሩዝ ዛሬ ከአካባቢው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ሆኗል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞለታል። ሩዝ ግን አረም ይበዛበታል። በነሐሴ ውሃ በተኛበት ማሳ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብቶ፣ ወገብን አጉብጦ በእጅ መንቀል ነው። አረሙና ሩዙ በለጋነታቸው መልካቸው ይመሳሰላል፤ ያልለመደ እጅ ሩዙን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። ለአንድ ቤተሰብ የማይሞከር ሥራ ስለሆነ ወንፈል ይገባሉ።

የወንፈል ሒሳብ ግልጽ ነው። የአንድ ቀን አረም በአንድ ቀን አረም ይመለሳል፤ ራሱ መሄድ ያልቻለ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል። ደቦ ከዚህ ይለያል። ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ይጠራል፤ የመጣው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይመለሳል። ብድሩ በቀን አይቆጠርም፤ ሆኖም አይረሳም። በሁለቱም ሰዎቹ ተሰልፈው ሲሠሩ አንዱ ስንኝ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ወደ ኋላ የቀረው ሰው ስሙ በግጥም ይነሣል። የተነሣበትም በግጥም መመለስ አለበት፤ ዝም ካለ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ሆኖ መዋሉ ነው።

ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ እዚህ መስመር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናስብ። «አመለካከትህን ቀይር» የሚለው የለም። ከሐዘኑ በፊት የገባበት ወንፈል አልተሰረዘም፤ እሱ ልቅሶ በተቀመጠበት ሳምንት ጎረቤቶቹ ማሳውን አርመውለታል፤ አሁን ተራው የእሱ ነው። ይሄዳል። ሳይወድ ይሄዳል። ከመስመሩ ሲዘገይ ስሙ ይነሣል፤ የተሰበረ ድምፅም ቢሆን አውጥቶ ይመልሳል። የሥራ ፍቅርም የስንኝ ውበትም ይህን ሰው ከቤቱ ባላስወጡት ነበር። ያስወጣው ዕዳው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራ ገበሬ ግለኛ ነው፣ ለጋራ ጉዳይ መተባበር ብዙም አይሆንለትም ብሎ ጽፏል። አለን ሆበንም ደጋ ዳሞት ላይ አጥንቶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፍ ዘመዳሞች በርስት እንዴት ሲፎካከሩና ሲሟገቱ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ስለዚህ ወንፈልን ማወደስ ገጠርን በመኪና መስኮት ያየ ከተሜ ናፍቆት ነው ሊሉን ይችላሉ። ሁለቱ ሊቃውንት ያዩትን አይተዋል፤ አልክድም። እኔም ወንፈል ፍቅር ነው አላልሁም። በወሰን ተካሰው ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሁለት ጎረቤታሞች በማግስቱ አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ያርማሉ፤ የወንፈሉ ሒሳብ ከጠባቸው የተለየ ነውና። ፈውሱ በመዋደድ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ለተጣሉት ባልደረሰ ነበር። ሌቪን ግለኝነት ያለው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ሒሳብ አዋቂነት ቢባል ይሻላል፤ ሒሳብ አዋቂ ደግሞ የሰጠውን ቀን አይረሳም።

ልቅሶ ቤትም ያው ሥርዓት አለ። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራ እያነሣች፣ ወንድሙን በስሙ እህቱን በስሟ እየጠራች ታወርዳለች። የተጠራው ይነሣል፣ ደረቱን ይመታል፣ ድምፁን ያሰማል። ግጥሙ ጉልበት የሚያገኘው ስም ስለሚጠራ ነው፤ ስም የሌለበት ሙሾ ቢወርድ ማን ይነሣለታል? ዕድሩ በበኩሉ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል። ያልመጣ አባል ይቀጣል። አጽናኝ በገንዘብ የሚቀጣበት ማኅበር አለን ብንል ለውጭ ሰው ያስቃል፤ ቅጣቱ ባይኖር ግን ከሣልስት በኋላ ከሐዘንተኛው ጎን የሚቀመጥ ስንት ሰው ይገኝ ነበር? አነቃቂው አዳራሽ በር ላይ የመግቢያ ይቀበላል። የቀረውን «የት ነበርክ?» የሚለው የለም።

ስንኝ በራሱ መድኃኒት ነው የሚለውን ሐሳብ የሚያፈርሰውም ይኸው ልቅሶ ነው። በሰው እጅ የሞተ ሰው ልቅሶ ላይ የምትወርድ ሙሾ ወንድሙን በስሙ ጠርታ፣ ወንድነቱን ተፈታትና፣ ደም እንዲመልስ ታስነሣለች። ይህን በጎጃምም በጎንደርም የሚያውቀው ያውቀዋል። የምታጽናናዋና የምታስገድለዋ ሙሾ ከአንድ አፍ ትወጣለች፤ ቤት አመታቷ አንድ ነው፣ ስም አጠራሯ አንድ ነው። የሚለየው የምታስከፍለው ብድር ነው። ደም የሚያደርቁት ሽማግሎችም የሚያምር ንግግር አላቸው፤ ለዓመታት ሲጠባበቁ የኖሩ ሁለት ቤተሰቦችን አንድ ማዕድ የሚያስቀርብ ንግግር። ንግግሩ የሚጸናው ግን በካሣ፣ በመሐላና በዋስ ሲታሰር ነው። ያለ ዋስ የተነገረ የዕርቅ ቃል ሸለቆው ማዶ ሳይደርስ ይረሳል።

ናፍቆት እንዳያስተን የወፍጮውንም ነገር ላንሣ። ሴቲቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ከድንጋይ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ መጁን እየገፋች የምታንጎራጉረው ግጥም የብሶት ማስተንፈሻ ነው ይባላል። ማስተንፈሻ ብቻ ቢሆን ወንዝ ወርዳ ማንም በማይሰማት ቦታ ብትለው በበቃት ነበር። እሷ ግን አማቷ ከግድግዳው ማዶ መንቃቷን እያወቀች ትለዋለች። በእንጉርጉሮ የተባለ ነገር ለጠብ አይቆጠርም፣ ነገር ግን ይሰማል፤ አማቲቱም ወይ በሌላ ቀን በስንኝ ትመልሳለች፣ ወይ ምንም ሳትል የአንዱን ቀን ፍጭ ታቀልላለች። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ግጥሙ ጠፋ፣ ወገብ ዳነ። ግጥሙ እንዲመለስ ድንጋዩ ይመለስ የምትል እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ቅኔ ቤትም ብቸኝነት በልክ ነው የተፈቀደው። ተማሪው ለቅኔ ቆጠራ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ያገኘውን ግን በቅኔ ነገራ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፣ አንዳንዴም ይዋረዳል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪሞላ ድረስ እንዲህ ነው። ለትምህርት ይበጃል ተብሎ ስለሚጠጣው አብሾና አብሾው ሲነሣበት ስለሚያብደው ደብተራ የሰማ ሰው ደግሞ፣ ቅኔ ካለበት ጤና አለ ብሎ ለመናገር አይቸኩልም።

ወደ ንግግሩ እንምጣ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚናገረው ሁሉ ከብዙዎቹ የዛሬ አነቃቂዎች ቃል ይበልጣል፤ አገሩ ግን «ጉዱ» ብሎ ስም አወጣለት። ተናጋሪም ቃልም ነበር። የቃሉን ዕዳ የሚጋራው ሰው ጠፋ።

ከልብ ወለድ ውጭ፣ ከሐሙሲት ብዙም ሳይርቅ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ አውራ አምባ አለች። መሥራቿ ዙምራ ኑሩ በልጅነታቸው ስለ ሴቶች ጫናና ስለ ሰው እኩልነት ሲጠይቁ ቤተሰባቸው አእምሮው ተነክቷል ብሎ ያስብ እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ትምህርት ቤት አልገቡም። በ1964 ገደማ ከጥቂት ሰዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በጥርጣሬ ተሳድደው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ነበር። ይህ ለእርሻ ስለማይበቃ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ አገልግሎት ዞሩ። ዙምራ ከካሣ ዳምጤ ጋር ያላቸው ልዩነት የንግግር ችሎታ አይመስለኝም። እሳቸው ቃላቸውን የሥራ ተራ አደረጉት።

ዛሬ አውራ አምባ «ሥራ ያድናል» ለሚለው አስተያየት የተመረጠች ምስክር ናት። ጎብኚው ሴቱም ወንዱም ሲሸምን ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ተመልሶ ስለ ትጋት ይናገራል። የማያነሣው ሌላው ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን የሚሠራው ለተቸገሩት ነው፤ ደካማ አረጋውያን መጦሪያ አላቸው፤ ቤተሰብ በየ15 ቀኑ ተቀምጦ ማን ምን እንዳጠፋ ይነጋገራል፣ ልጅም አባቱን ይገመግማል። የሽመናው ጨርቅ ከዚህ ሒሳብ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ በየትኛውም የሸማ ሠፈር የሚገኝ ጨርቅ ነው፤ በየሸማ ሠፈሩ ደግሞ ሲሠራ ውሎ ሲያዝን የሚያድር ሸማኔ ሞልቷል።

የማኅበረሰቡ ቀብር ለክርክሬ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። ሟቹ ይቀበራል፣ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ለቀናት የሚቀመጡት ልቅሶ የለም፣ ተዝካር የለም። ለደራና ለፎገራ ጎረቤት ይህ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን ሙሾው ወጥቶም ሰው ይቆማል ማለት ነው። አንድ አካባቢ ውስጥ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ የአየር ጠባይ፣ ሙሾ ያለውና ሙሾ የሌለው ሁለቱም ከሐዘን ይነሣሉ። በሁለቱም በኩል ያልተነካው ተራውና ብድሩ ነው።

የውጭው ዓለም ጥናትም፣ ጠበቅ አድርገን ካነበብነው፣ ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊው ጄምስ ፔንቤከር በ1986 (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ያህል፣ ስለ ደረሰባቸው ክፉ ነገር አጽፎ ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒክ የሚሄዱበት ጊዜ መቀነሱን ዘገበ። ግጥም ያክማል የሚሉ ሁሉ ይህን ይጠቅሳሉ። ሃያ ዓመት ቆይቶ 146 እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ ግን ጥቅሙ መኖሩን አረጋግጦ መጠኑ ትንሽ መሆኑን አሳየ። ለብቻ የተጻፈ ቃል ያን ያህል ነው የሚሄደው። ናይጄሪያዊው ሐኪም አዴኦዬ ላምቦ በ1954 (እ.ኤ.አ.) አቤኦኩታ አጠገብ በአሮ የጀመሩት ሥራ ሌላ መንገድ ነበር። ሕመምተኞችን ከዘመድ ጋር በአካባቢው ገበሬዎች ቤት አሳደሩ፤ ቀን ቀን ሕክምና፣ ከዚያ ውጭ እርሻና የመንደር ኑሮ። ገበሬው ቤት ያደረ ሕመምተኛ ለገበሬው የሚያደርገው ነገር ነበረው።

ወደ እኛም ሲመጣ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት አለ። በጤና ጣቢያ መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ቤታቸው ድረስ የሚሄድ የማኅበረሰብ ሠራተኛ የተመደበላቸው ከ12 ወር በኋላ በዕለት ኑሯቸው የተሻለ አቅም አሳይተዋል። ሠራተኛዋ አነቃቂ ንግግር አላደረገችም፤ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠች፣ ሠፈሩን አነጋገረች፣ ሰውየው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ የሚመለስበትን መንገድ አብራ ፈለገች። መድኃኒቱም አልቀረም። ይህን የምለው አንዳንድ ተናጋሪ ክኒን የደካሞች ነው ሲል ስለሚሰማ ነው።

ብድር ግን አጥርም ነው፤ ይህን ሳልል ባልፍ ለገጠሩ ወግኜ መዋሸት ይሆንብኛል። በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ለዘመናት ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ማዕድ የማይቀርቡትን ሰው ደቦ ማን ይጠራዋል? መመለስ የማይችለው ደካማ፣ በእግር ብረት ቤት ውስጥ የታሰረው ሕመምተኛ፣ ባል የሌላት ሴት ከሒሳቡ መዝገብ ቀስ በቀስ ይወጣሉ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ደረሰ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚህ ሁሉ መሐል ከቀየው የተነቀለ ሰው ወንፈሉንም ዕድሩንም ጥሎ ነው የወጣው። ያበደረው ቀን እዚያ ቀርቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው የከተማው የግጥም ምሽት ከንቱ ነው ብዬ አልፈርድም። ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ያነበበበት፣ የሰማውም በተራው የሚያነብበት ምሽት ወደ ወንፈል ይጠጋል። ንግግሩም ቢሆን አንዱን ሰሚ ተነሥቶ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ካደረገ ውለታ ሠርቷል። የምቃወመው መድረኩ ሰሚውን ያለ ዕዳ አሰናብቶ ፈወስሁት ሲል ነው።

በተግባር የሚከተለው ጉዳይ ትልቅ አይደለም። ብዙ የዕድር መተዳደሪያ ደንቦች መዋጮውን ለተከታታይ ወራት ያልከፈለ አባል ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አላቸው። በድባቴ ወይም በከባድ የአእምሮ ሕመም ከቤት የዋለ ሰው ቀድሞ የሚሰናከለው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው፤ ሲሰረዝም ርኅራኄ ከሚገባቸው ሰዎች ይመደባል፣ ማንም ምንም አይጠብቅበትም። የሐሙሲት፣ የወረታና የባሕር ዳር ዕድሮች ይህን አንቀጽ ቢከልሱት መልካም ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ይስጠው፤ መዋጮው ይዘግይለት፤ ስሙ ከመዝገቡ አይውጣ። በመዋጮው ፋንታ ድንኳን ከሚተክሉት ወይም ውሃ ከሚቀዱት ጋር ተራ ይሰጠው። ተራው ደርሶ ካልመጣ ደግሞ እንደማንኛውም አባል ይቀጣ።